የመልክዐ ምድር ቃላት በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት፦ ሂሳዊ ምርመራ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የትምህርትን ሙያዊ ቃል ግን የሚያወጣው መምህር፣ ተርጓሚ ወይም ኮሚቴ ነው፤ የሰው ሥራ እንደመሆኑም ይመረመራል፣ ይነቀፋል፣ ይታረማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በአማርኛ የሚቀርበው የመልክዐ ምድር ትምህርት የሚገለገልባቸውን ቃላት መመርመር ነው። የሚመረመሩት በአንድ መጽሐፍ ወይም በአንድ ደራሲ ዘንድ ብቻ የሚገኙ አይደሉም፤ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በካርታ፣ በራዲዮና በጋዜጣ ዜና፣ በትርጉም ሥራዎችም ውስጥ የሚዘዋወሩ፣ ተማሪው በየቀኑ የሚሰማቸውና የሚያነባቸው ናቸው።

ደረጃው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል በአንዳንዱ ክልል በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በሌላው ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚሰጥባቸው የመሸጋገሪያ ክፍሎች ሆነዋል። የ12 ወይም የ13 ዓመቱ ልጅ በመሻገሪያው ላይ የቆመ ነው። እስከዚያ ድረስ በአማርኛ የተማረው ቃል ነገሩን በትክክል አስጨብጦት ከሆነ የሚቀረው የእንግሊዝኛውን ስም መልመድ ብቻ ነው። ቃሉ ነገሩን አደብዝዞበት ከሆነ ግን ድካሙ እጥፍ ይሆናል፤ አስቀድሞ ያወቀ የመሰለውን መርሳት፣ ከዚያም ነገሩን በባዕድ ቋንቋ ከሥሩ መማር ይኖርበታል።

መመዘኛው

ለምርመራው ሦስት ጥያቄዎችን እንደ መመዘኛ ወስደናል። አንደኛ፣ አንዱ ቃል ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ ብቻ ይቆማልን? ሁለተኛ፣ ቃሉ ከሥሩና ከአወቃቀሩ ለተማሪው ስለ ነገሩ አንዳች ይነግረዋልን? ቢያንስ ከማሳሳት ይቆጠባልን? ሦስተኛ፣ ቃሉ ይራባልን? ማለትም ከእርሱ ቅጽል፣ ግስና የተጓዳኝ ነገሮችን ስም ማውጣት ይቻላልን? ቃሉ ከግእዝ የተወሰደ ወይም ከውጭ የመጣ መሆኑ በራሱ ነውርም ክብርም አይሆነውም። «ውቅያኖስ» ከጽርእ የመጣ ነው፤ ሆኖም በግእዝ በኩል አልፎ ከአማርኛ ጋር ስለ ተዋሐደ እንግድነቱን የሚያስታውስ የለም።

ኬክሮስና ኬንትሮስ

ከሁሉ አስቀድሞ መምህራንን የሚያስቸግረው ይህ ጥንድ ነው። ሁለቱም በ«ኬ» ይነሣሉ፤ ሁለቱም በ«ሮስ» ያልቃሉ፤ ለተማሪው ጆሮ ልዩነታቸው በመካከል ያለው «ክ» እና «ንት» ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ነገራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት፣ ኬንትሮስ ከመነሻው መስመር ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ይለካል። ነገሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ስሞቹ ግን እንደ መንትያ ተመሳስለዋል።

ከድምፁ የከፋ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። ኬክሮስ በባሕረ ሐሳብ የቆየ ትርጉም አለው፤ የጊዜ ክፍል ነው። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በመልክዐ ምድር ትምህርት ከጊዜ ጋር የሚዛመደው ኬንትሮስ ነው፤ 15 ዲግሪ ኬንትሮስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ያመጣል። እንግዲህ የጊዜ ስም የነበረው ቃል የተሰጠው ከጊዜ ጋር ዝምድና ለሌለው ልክ ሲሆን፣ ከጊዜ ጋር የተቆራኘው ልክ ሌላ ስም አገኘ ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ የቤተ ክህነት ልጅ በዚህ ቢደናገር ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተብሎ ግን ጥንዱ ይሻር አንልም። ቃላቱ በካርታ፣ በመማሪያ መጻሕፍትና በሰነዶች ሥር ሰድደዋል፤ ሥር የሰደደን ቃል መንቀል ከሚያመጣው ጥቅም የሚያስከትለው መደናገር ይበልጣል። መታረም ያለበት ብያኔው ነው። ኬክሮስን «በካርታ ላይ አግድም የሚሰመር መስመር» ብሎ ማለፍ ልጁ የመስመሩን አቅጣጫ ከሚለካው ርቀት አቅጣጫ ጋር እንዲያምታታ ያደርገዋል፤ መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሰመር እንጂ የሚነግረን የሰሜንንና የደቡብን ርቀት ነውና። ብያኔው «የሰሜንና የደቡብ ርቀት ልክ» ብሎ ቢጀምር፣ ወዲያውም አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ እንደምትገኝ በምሳሌ ቢያሳይ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው የሐሩር ክልል ሁለት ወሰኖች ስም ነው። በሰሜንና በደቡብ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ የሚያልፉት መስመሮች የእንግሊዝኛ ስማቸው በድምፁ ሲጻፍ አንደኛው «ካንሰር» ይሆናል፤ ልጁ ይህን ቃል የሚያውቀው በበሽታ ስምነቱ ብቻ ነው። ለእነዚሁ የከዋክብት ምድቦች ግን በአገራችን የሐሳበ ከዋክብት ልማድ «ሸርጣን» እና «ጀዲ» የሚባሉ ስሞች አሉ። «የሸርጣን መስመር»፣ «የጀዲ መስመር» ብንል ቃሉ ያገራችን ይሆናል፤ በሽታውም ከካርታው ላይ ይነሣል።

ባሕር ላላየ ልጅ የባሕር ቃል

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። አብዛኛው ተማሪ ባሕርን የሚያውቀው በሥዕልና በቃል ነው፤ ነገሩን ያላየ ሰው ቃሉን የሚያርምበት ስለሌለው በዚህ መስክ የቃል ጥንቃቄ እጥፍ ሊሆን ይገባል። የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው።

«ሰርጥ» የሚለውን እንውሰድ። «የሆርሙዝ ሰርጥ» ሲባል በሁለት የብስ መካከል ያለ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው፤ «የጋዛ ሰርጥ» ሲባል ግን በባሕር ዳር የተዘረጋ ጠባብ የብስ ነው። በአንድ የዜና ሰዓት ውስጥ ይኸው ቃል አንዴ ውኃ፣ አንዴ መሬት ይሆናል። በዚያ ላይ ባብ ኤል መንደብ በአንዱ ጽሑፍ «ሰርጥ»፣ በሌላው «ወሽመጥ» ይባላል። ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚያገናኘው ይህ መተላለፊያ ለአካባቢው አገሮች ሁሉ የሕልውና ጉዳይ በሆነበት ዘመን ስሙ ሊዋልል አይገባም። የእኛ አስተያየት «ሰርጥ» ለባሕር መተላለፊያ ብቻ ይወሰን የሚል ነው፤ ጋዛን በተመለከተ «ጋዛ» ብሎ መጥራቱ ይበቃል፤ ተጨማሪው ቃል ለአማርኛ አንባቢ የሚነግረው ነገር የለም።

«ልሳነ ምድር» እና «ባሕረ ገብ መሬት» ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለባቸው፤ ሁለት ስም ለአንድ ነገር። የኮሪያ ምድር በአንዱ ጽሑፍ ልሳነ ምድር፣ በሌላው ባሕረ ገብ መሬት ይባላል። ሁለቱም ከአወቃቀራቸው መልካም ናቸው፤ ምላስ በአንድ ወገን ተያይዞ በሌላው እንደሚወጣ ሁሉ ይህም የብስ በአንድ ወገን ተያይዞ ወደ ባሕር ይገባል። ጥፋቱ ለአንዱ ነገር ሁለት ስም ስናባክን፣ ሁለት ታላላቅ የብሶችን የሚያያይዘው ቀጭን ምድር የረጋ ስም ማጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የተከፈተው የስዌዝ ቦይና በ1914 የተከፈተው የፓናማ ቦይ የቆረጡት እንዲህ ያለውን ምድር ነው፤ ይህ ቃል ከሌለ የሁለቱን ቦዮች ትርጉም ለልጅ ማስረዳት አይቻልም። አማርኛ ምድርን በአካል ክፍል መሰየም ልማዱ ነው፤ «የምድር ወገብ» እንላለን፤ የተራራ ራስ፣ የወንዝ አፍ እንላለን። በዚሁ ልማድ «የምድር አንገት» ብንል ማንም ልጅ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በዚህ ምዕራፍ እጅግ የተስፋፋው ስሕተት ግን «ከባሕር ወለል በላይ» የሚለው ነው። ወለል የታችኛው ክፍል ነው፤ የቤት ወለል የምንረግጠው እንጂ ጣሪያው አይደለም። የከፍታ መነሻ የሚሆነው ደግሞ የባሕሩ የላይኛው ገጽ ነው። ትክክለኛው «ጠለል» ነው፤ ከ«ጠለለ» የመጣ፣ ረግቶ የጠራውን የውኃ ፊት የሚያመለክት። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የሚታወቀው ስለ ባሕሩ ታች ማስተማር ሲጀመር ነው። መምህሩ ስለ ባሕር ወለል ተራሮችና ስምጦች ሊያስረዳ ሲል ቃሉ አስቀድሞ ለባሕሩ ፊት ተሰጥቶ ያገኘዋል። ራስ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዳሎልን «ከባሕር ወለል በታች» ብሎ ያነበበ ልጅ ቦታውን በባሕር ሥር ቢፈልገው ተሳሳተ ሊባል አይችልም።

ክረምት የማን ነው?

እንግሊዝኛው «ዊንተር» የሚለውን በ«ክረምት»፣ «ሰመር» የሚለውን በ«በጋ» መተርጐም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ክረምት በኢትዮጵያ የዝናብ ወራት ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ገብቶ መስከረም መጨረሻ ይወጣል። በአውሮፓ በዚህ ጊዜ ፀሐይ ትበረታለች፤ ቀኑ ይረዝማል። በረዶው በሚወርድበት በታኅሣሥና በጥር ደግሞ እኛ በጋ ላይ ነን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በቤጂንግ የተካሄደውን የበረዶ ስፖርት ውድድር «የክረምት ኦሊምፒክ» ብሎ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ልጅ በመስኮቱ ሲመለከት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሜዳው ደርቆ ነበር።

የችግሩ ሥር ቃሉ የሚሰየምበት መለያ ነው። የአውሮፓ ወቅቶች የሚለዩት በሙቀትና በቅዝቃዜ ነው፤ የእኛዎቹ የሚለዩት በዝናብና በድርቀት ነው። መለያው ሲለያይ ቃል ለቃል ማዛመድ አይቻልም። ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየን በእስራኤል የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ኅብረተሰብ ነው። በዚያ አገር ዝናቡ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ስለሆነ ቅዝቃዜውንም ዝናቡንም «ክረምት» ማለት አያጋጭም፤ የሚለወጠው ወሩ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ያለው ተርጓሚ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ስለዚህ ለሌላው ዓለም ወቅቶች «የብርድ ወራት» እና «የሙቀት ወራት» የሚሉትን እንመርጣለን፤ ክረምትና በጋ ለዝናብና ለድርቀት ወቅቶች ይቆዩ። መፀውና ፀደይም ጥንቃቄ ይሻሉ። በባሕላዊው አቈጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ ብዙ ጸሐፊ ግን በአውሮፓ የአበባ ወቅት ተስቦ ፀደይን ለመስከረም አበባ ይሰጣል። የመማሪያ መጽሐፍ ይህን መደናገር ማስተካከል እንጂ መድገም የለበትም።

ጠባይ፣ ሁኔታና ንብረት

ስለ ዛሬና ስለ ነገ አየር የሚነገረው በአንዱ ቦታ «የአየር ጠባይ»፣ በሌላው «የአየር ሁኔታ» ይባላል፤ ለረጅም ዘመኑ ደግሞ «የአየር ንብረት» የተለመደ ነው። ጠባይ በአማርኛ የሚጸና ነገር ነው፤ የሰው ጠባይ በአንድ ቀን አይለወጥም፤ በአንድ ቀን የሚለወጠው ሁኔታው ነው። ለዕለቱ «ጠባይ» ማለት እንግዲህ የቃሉን ባሕርይ መጣስ ነው። «ንብረት» ከ«ነበረ» የመጣ በመሆኑ የመጽናትና የመኖር ትርጉም አለው፤ ብዙውን ጊዜ በ30 ዓመት አማካይ ለሚለካው የረጅም ዘመን ይዞታ ይስማማል። ዛሬ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚጻፈው ሲበዛ «የአየር ጠባይ ለውጥ» የሚልም ይታያል፤ ይህን ያነበበ ልጅ ትናንት ዘንቦ ዛሬ ፀሐይ መውጣቱን የተባለው ለውጥ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። «ሁኔታ» ለዕለቱ፣ «ንብረት» ለዘመኑ፤ «ጠባይ» ከዚህ መስክ ይውጣ።

እሳተ ገሞራ

ይህ ቃል ውብ ነው፤ ከሰዶም ጋር በእሳት የጠፋችውን የገሞራን ታሪክ ስለሚያስታውስ ማንም ይረዳዋል። ጉድለቱ ሁሉንም ለብቻው መሸከሙ ነው፤ ተራራው እሳተ ገሞራ ነው፤ ፍንዳታው እሳተ ገሞራ ነው፤ የሚፈስሰው ቅልጥ አለትም እንዲሁ። ዝቋላና ወንጪ በአናታቸው ሐይቅ ያዘሉ ተራሮች ናቸው፤ ለልጅ «ዝቋላ እሳተ ገሞራ ነው» ሲባል እሳቱን ይፈልጋል፤ ያጣዋልም።

በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባው የፈሰሰው ቅልጥ አለት ነው ወይስ የወጣው አመድ ነው የሚለውን ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚደረገው ጥንቃቄ የተለያየ ነውና። ስለዚህ «የገሞራ ተራራ»፣ «የገሞራ ፍንዳታ»፣ «የገሞራ አመድ»፣ «የገሞራ አፍ» እያልን ብንከፍለው በአንድ ሥር የተያያዘ የቃላት ቤተሰብ እናገኛለን። ከምድር ውስጥ ያለውንና ወደ ውጭ የፈሰሰውን ቅልጥ አለት ለመለየትም «ውስጥ ቅልጥ» እና «ፈሳሽ ቅልጥ» ማለት ይቻላል፤ በሦስተኛው መመዘኛ የፈለግነው መራባት ይህ ነው።

የሠመሩ ቃላት

ነቀፌታ ብቻውን ምርመራ አይሆንም። «ስምጥ ሸለቆ» ምሳሌ የሚሆን ሥራ ነው፤ ምድሪቱ በስንጥቆች መካከል መስመጧን ቃሉ ራሱ ይነግራል። ልጁም የዓባይን ሸለቆ ከስምጥ ሸለቆው ይለያል፤ የመጀመሪያውን ከ1,000 ሜትር በላይ ቈፍሮ ያወጣው ወንዙ ነው፤ ሁለተኛው የሰመጠ ነው። «ተፋሰስ» ከ«ፈሰሰ» በተደራራጊ አነጋገር የወጣ በመሆኑ ውኆች ተሰባስበው ወደ አንድ የሚፈስሱበትን ምድር ያለ ማብራሪያ ያሳያል፤ የአዋሽ ተፋሰስ ውኃው ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀርም በዚሁ ቃል ማስረዳት ይቀልላል። «ገባር ወንዝ» ደግሞ ልዩ ታሪክ አለው። ሥሩ «ገበረ» ነው፤ ወንዙ ለታላቁ ወንዝ ግብር ይከፍላል ማለት ነው። የዛሬ ልጅ ግን የገባርን ሥርዓት ስለማያውቅ ቃሉን ከ«ገባ» ያዛምደዋል፤ «ወደ ሌላው የሚገባ» ይለዋል። የሥርወ ቃል ስሕተት ቢሆንም ነገሩን አያጠፋበትም፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት መታገል አያስፈልግም።

በእጃችን ያለው ሀብት

ከሁሉ የሚያሳዝነው ከገበሬው አንደበት ያሉትን ቃላት መማሪያው አለመጠቀሙ ነው። «ከፍተኛ ቦታ» እና «ዝቅተኛ ቦታ» በሚሉ ሁለት ሐረጎች ምድርን ሁሉ ለመግለጽ ሲሞከር፣ የገጠር ልጅ ከቤቱ የሚያመጣቸው ጋራ፣ ኮረብታ፣ ጉብታ፣ ተረተር፣ ሸንተረር፣ አፋፍ፣ ተዳፋት፣ ረባዳ፣ ጨፌ፣ ፈፋ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቀራሉ። እነዚህ ተመሳሳይ ቃላት አይደሉም፤ እያንዳንዱ በቅርጽ፣ በከፍታ ወይም በውኃ ይዞታ የተለየ ምድር ይሰይማል። ተዳፋትና አፋፍ ካልተለዩ ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ እርከን ሥራ በትክክል ማስተማር አይቻልም። «አምባ» ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ስም ነው፤ ደብረ ዳሞንና መቅደላን ያስታውሷል። ይህን የመሰለ ቃል እያለ ልጁ ለዚሁ ቅርጽ የባዕድ ስም በድምፁ እንዲሸመድድ ማድረግ ብክነት ነው።

በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ ላይ ያለው ጥንቃቄ ግን ሌላ ዓይነት ነው። በዕለት ንግግር እነዚህ አንጻራዊ ናቸው፤ አንዱ ደጋ የሚለውን ሌላው ወይና ደጋ ይለዋል። ትምህርቱ ደግሞ በቁጥር ወስኗቸዋል፤ ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር አካባቢ እንደሚባለው። ውሳኔው ተገቢ ነው፤ ተርጓሚው ግን የዓለምን ከፍተኛ ምድር ሁሉ «ደጋ» ከማለት መቆጠብ አለበት፤ የእነዚህ ቃላት የከፍታ ልክ የተወሰነው ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነች አገር ሙቀትና ሰብል ነውና።

ማጠቃለያ

ለአማርኛ የመዝገበ ቃላት ሥራ አባቶች አሉት፤ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትሟል፤ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት ላይ ያዘጋጀውን መዝገበ ቃላት አበርክቷል። የጐደለው ለአንድ የትምህርት ዓይነትና ለአንድ የዕድሜ ደረጃ ተለይቶ የተዘጋጀ፣ ብያኔውን ከአገር ምሳሌ ጋር የሚሰጥ አነስተኛ የቃላት መድበል ነው። ሦስት መቶ ያህል ቃላት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል መልክዐ ምድር ይበቃሉ ብለን እናምናለን። አዘጋጆቹ ሦስት ሕግ ቢከተሉ ይበጃል፤ ሥር የሰደደውን ቃል ብያኔውን አርሞ ማቆየት፣ ሁለት ነገር የተሸከመውን ቃል ከአንዱ ማራገፍ፣ አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ገበሬውን፣ እረኛውንና የባሕረ ሐሳብ መምህሩን መጠየቅ። ቃሉ አንዴ ከተወሰነ በኋላም መጽሐፉ፣ ካርታውና የዜና ማሠራጫው በአንድ ድምፅ ሊገለገሉበት ይገባል፤ ልጁ በክፍል የተማረውን በራዲዮ ሲሰማ ሊያውቀው ይገባልና።